ወንዙ ውስጥ እርሳስ የለም ብዬ ልጻፍ?

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከኮምቦልቻ እንዲህ ስትል ጠይቃለች። «ከከተማው በታች ከቦርከና ወንዝ ውሃ እየቀዳሁ እርሳስና ካድሚየም እለካለሁ። መጀመሪያ በፍሌም አቶሚክ አብዞርፕሽን ሞከርኩ፣ ምንም አላሳየኝም። ከዚያ በቮልታሜትሪ ሠራሁት። የወንዙ ውሃ ላይ የእርሳስ ፒክ ጭራሽ የለም። የሚገርመው ብላንኩ ላይ፣ ማለትም ዲስቲልድ ውሃና በፈር ብቻ ባለበት፣ ትንሽ ፒክ ይወጣል። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው? ወይስ ወንዙ ንጹህ ነው ብዬ ልጻፍ?»

እህቴ፣ አብሽሪ። መሣሪያሽ ጤነኛ ይመስለኛል። ወንዙ ንጹህ ነው ብለሽ ግን አትጻፊ። ቢያንስ ገና አትጻፊ።

የነገርሽንን ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጪው። ንጹህ መሆን ያለበት ውሃ ላይ ፒክ፣ ማለትም ብረት እንዳለ የሚያሳይ የከረንት ጉብታ፣ አለ። ድፍርስ መሆኑን በዓይንሽ የምታዪው ውሃ ላይ የለም። አሁን አንድ ነገር አስቢ። የወንዙ ናሙና ላይም ያንኑ በፈር፣ ማለትም የአሲድነቱ መጠን (ፒኤቹ) እንዳይዋዥቅ የሚያደርገውን ፈሳሽ፣ ጨምረሻል አይደል? ብላንኩ ላይ ያየሻት ትንሽ ፒክ ከበፈሩ የመጣች ከሆነች፣ የወንዙ ናሙና ላይም መታየት ነበረባት። ወንዙ አንድም ጠብታ እርሳስ ባይኖረው እንኳ እሷ አትቀርም። ቀረች። ስለዚህ ናሙናው ውስጥ ያለ አንድ ነገር ፒኩን አፍኖታል ማለት ነው። ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚለካውን የመሣሪያውን ጫፍ፣ ሸፍኖታል፣ ወይም እርሳሱን አስሮ ይዞታል። መሣሪያሽ «የለም» አላለሽም። «አይታየኝም» ነው ያለሽ።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሰው ድካም መና ሲቀር ያየሁት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ፍሌሙ፣ ማለትም ናሙናውን ነበልባል ውስጥ ረጭቶ ብረቱ በሚውጠው ብርሃን የሚለካው መሣሪያ፣ ለምን ዝም እንዳለ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው እርሳስ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ካድሚየም 3 ብቻ። ፍሌም አቶሚክ አብዞርፕሽን እርሳስን በደንብ የሚያየው በአስር ቤት የሚቆጠር ማይክሮግራም ሲኖር ነው። ስለዚህ ውሃው ከገደቡ በላይ ቢሆን እንኳ ፍሌሙ ላያይ ይችላል። የአንቺ ጥፋት አይደለም። የኩንታል ሚዛን ይዘሽ የወርቅ ቀለበት ለመመዘን እንደመሞከር ነው።

ቮልታሜትሪ፣ ማለትም ብረትን በኤሌክትሪክ ከረንት የሚለካው ዘዴ፣ ከዚህ በታች የሚወርደው በአንድ ብልሃት ነው። ለጀማሪ ሳስረዳ እቁብን እጠቅሳለሁ። የእቁብተኛው መዋጮ ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ተሰብስቦ ባንዴ ሲወጣ ግን ቤት ያሠራል። እኛም ኤሌክትሮዱን −1 ቮልት አካባቢ እናቆመውና ውሃውን እያማሰልን ለሁለት ለሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን። እርሳሱም ካድሚየሙም ቀስ እያለ ኤሌክትሮዱ ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ማማሰሉን አቁመን ቮልቴጁን ወደ ላይ እንነዳለን። የተጠራቀመው ብረት ባንዴ ሟሙቶ ሲወጣ ከረንቱ ብድግ ይላል። ያ ነው ፒኩ። እያንዳንዱ ብረት የሚወጣው በራሱ ተራ ነው። በአሲቴት በፈር ውስጥ፣ በሲልቨር ክሎራይድ ሪፈረንስ (ቮልቴጁ የሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ) ሲለካ፣ ዚንክ −1 ቮልት ግድም፣ ካድሚየም −0.6 ግድም፣ እርሳስ −0.4 ግድም፣ መዳብ ደግሞ −0.1 አካባቢ ይወጣል። በዚህ መንገድ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም በታች መውረድ ይቻላል።

የዘዴው አባት ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ፕራግ ላይ ከቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ በሚል ሜርኩሪ ጀመረው፣ በ1959 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኘበት። የዛሬው መሣሪያ በኮምፒውተር ይሠራ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

አሁን ወደ ችግርሽ። ሰኞ ጠዋት ላብ ስትገቢ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጊ። ፒክ ያላወጣውን የወንዝ ናሙና ሴሉ (የመለኪያው ዕቃ) ውስጥ እንዳለ ተዪው። መጠኑ 20 ሚሊ ሊትር ነው እንበል። በሊትር 1 ሚሊግራም ካለው የእርሳስ ስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ ከታወቀው ፈሳሽ፣ 100 ማይክሮ ሊትር ጨምሪበት። አሁን ሴሉ ውስጥ በሊትር 5 ማይክሮግራም የሚሆን እርሳስ በእጅሽ አስገብተሻል። እንደገና ለኪ። ያንኑ ደግሞ ብላንኩ ላይ አድርጊና ሁለቱን አስተያዪ።

ብላንኩ ላይ ፒኩ አድጎ ወንዙ ላይ አሁንም ፀጥ ካለ ነገሩ አለቀ። በእጅሽ የጨመርሽውን ያላየ መሣሪያ ወንዙ ያመጣውን ሊያይ አይችልም። ወንዙ ላይ አድጎ ግን የብላንኩን ግማሽ ያህል ብቻ ከሆነ ኤሌክትሮዱ በከፊል ተሸፍኗል። ሁለቱ እኩል ካደጉ ደግሞ ኤሌክትሮዱ ደህና ነው። ያኔ ወይ እርሳሱ በእርግጥም ትንሽ ነው፣ ወይ ከጭቃና ከሌላ ነገር ጋር ታስሮ ተቀምጧል። አዲስ የጨመርሽው እርሳስ ነፃ ስለሆነ ይታያል። ወንዙ ውስጥ የከረመው ግን አፈርን ሙጭጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈታው ናሙናውን ማብላላት ነው፣ እመጣበታለሁ።

ፒኩን ምን አፈነው? እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው ናሙናሽን ሳይ ነው። ግን የቀዳሽበትን ቦታ አስቢው። ቦርከና ደሴን አቋርጦ ነው የሚመጣው። በየመንገዱ ልብስ ይታጠብበታል። ኮምቦልቻ ሲደርስ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ነው የሚያገኘው። የቆርቆሮና የብረት ሥራውም አለ። ሳሙና፣ ማቅለሚያ፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ታኒን፣ ቅባት፤ እነዚህ ሁሉ ኤሌክትሮድ ይወዳሉ። ፊቱ ላይ ተለጥፈው እንደ ስስ ልባስ ይሸፍኑታል። እርሳሱ ገብቶ እንዳይጠራቀም፣ የተጠራቀመውም እንዳይወጣ ያደርጋሉ። አንድ የቤት ሙከራ አለ። ናሙናውን ጠርሙስ ውስጥ በደንብ ነቅንቂው። አረፋ ሠርቶ ለደቂቃ ካልጠፋ ሳሙናው ብዙ ነው። ለቴሲስ የሚጻፍ ነገር አይደለም፣ ግን ወዴት እንደምትሄጂ ይነግርሻል።

መፍትሔው ማብላላት ነው። ሰው ዳይጀሽን የሚለው። ናሙናውን በናይትሪክ አሲድና በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሆት ፕሌት ላይ ቀስ አድርገሽ ታሞቂዋለሽ። ኦርጋኒኩ ነገር ይቃጠላል፣ የታሰረው እርሳስ ይፈታል። የአልትራቫዮሌት መብራት ያለው ላብ ካገኘሽ ያም ይሠራል፣ አሲድም ይቆጥባል። እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር ልንገርሽ። መመሪያው ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ አትመኚው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ግድም ነው። ኮምቦልቻ ብትወርድም ከ95 በታች ነው። ክፍት ቢከር ውስጥ የምታብላዪ ከሆነ ሥራው ሊዘገይ ይችላል። ሰዓት አይተሽ ሳይሆን ፈሳሹን አይተሽ ጨርሺ። ቀለሙ ነጥቶ፣ ጠርቶ መታየት አለበት።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ካብላላሽ በኋላ ናሙናው ውስጥ የቀረው አሲድ ብዙ ነው። አንቺ 1 ሚሊ ሊትር በፈር ጨምረሽ ፒኤቹ 4.6 ሆኗል ብለሽ ታምኚያለሽ። አልሆነም። በፈሩ በአሲዱ ተውጧል። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ −1 ቮልት ስታደርጊ ኤሌክትሮዱ ላይ ሃይድሮጂን ይነሳል፣ ቤዝላይኑ፣ ማለትም ፒኩ የሚነሳበት መስመር፣ ይቆለመማል፣ ትንሽ ፒክ ካለም እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ አሲዱን ቀድመሽ ሊደርቅ እስኪቃረብ ድረስ እያሞቅሽ እንዲተን አድርጊው፣ ወይም በንጹህ አሞኒያ አብርጂው። ከዚያ ፒኤቹን ለኪ። ሴሉ ውስጥ ሜትሩን አትክተቺ፣ ከሜትሩ ራሱ ብክለት ይገባል። ጥቂት ጠብታ አውጥተሽ በወረቀት እዪው።

ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅንም ማስወጣት እንዳትረሺ። ኤሌክትሮድሽ ሜርኩሪ ከሆነ ናይትሮጂን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ንፊበት። ከፍታችን ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ቢሆንም ሥራ ለማበላሸት ይበቃል።

አሁን ብላንኩ። ያቺ ትንሽ ፒክ ብዙም አታስደንግጥሽ፣ ግን ከየት እንደመጣች እወቂ። በመጀመሪያ እውነተኛ ብረት መሆኗን አረጋግጪ። የማጠራቀሚያውን ጊዜ ከ60 ሴኮንድ ወደ 120 አድርጊው። ፒኩ እጥፍ ግድም ካደገ የተጠራቀመ ብረት ነው። ካላደገ የኤሌክትሮዱ ችግር ወይም የመሣሪያው ጫጫታ ነው። ብረት ከሆነ ደግሞ በፈሩን እጥፍ አድርጊ። ፒኩም እጥፍ ከሆነ እርሳሱ ያለው በፈሩ ውስጥ ነው፣ ማለትም በሶዲየም አሲቴቱ ወይም በአሴቲክ አሲዱ። ካልተለወጠ ውሃሽን ጠርጥሪ። በጀሪካን ተቀድቶ ሳምንት የከረመ ዲስቲልድ ውሃ ዲስቲልድ አይባልም። ውሃውም ደህና ከሆነ ዕቃሽን ተመልከቺ።

እኔ ራሴ ደሴ እያለሁ አንድ የዚንክ ፒክ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንከራቶኛል። ውሃ ቀየርኩ። አሲድ ቀየርኩ። ብርጭቆውን ሁሉ በፕላስቲክ ተካሁ። ፒኩ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። በኋላ ልብ ስል የሚመጣው ክዳኑን በእጄ ይዤ በከፈትኩበት ቀን ነው። ያደረግኩትን ጓንት ጣት ቆርጬ በደካማ አሲድ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በማግስቱ ከዚያ አንድ ጠብታ ወስጄ ሴሉ ውስጥ ጨመርኩ። ፒኩ ከስክሪኑ በላይ ወጣ። የጎማ ጓንት ሲሠራ የዚንክ ውህድ ይገባበታል። በዚያን ጊዜ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ለእርሳስም እንዲሁ ነው። ከመስኮት የሚገባ የመንገድ አቧራ፣ የተላጠ የድሮ ቀለም፣ የብየዳ ሥራ ያለበት ጎረቤት፤ ሁሉም በሊትር 1 ማይክሮግራም ለማምጣት አይቸገሩም። ሴሉን ስትተዪው ክደኚው። መስኮቱን ዝጊ።

ዕቃ አጠባውን እንደ ልኬቱ እኩል ቁጠሪው። የፖሊኤቲሊን ጠርሙስ፣ በ10 ፐርሰንት ናይትሪክ አሲድ ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዘፍዝፎ፣ ሦስት አራት ጊዜ በንጹህ ውሃ የተለቀለቀ። በወንዙ ዳር የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ገዝተሽ የቀዳሽበት ካለ እሱን ናሙና ጣዪው። ይቅርታ፣ ማዳኛ የለውም።

አቀዳዱ ላይም አንድ ጥያቄ ልመልስልሽ፣ ባትጠይቂኝም። ናሙናውን አሲድ ጨምረሽ ካመጣሽ በኋላ ነው ያጣራሽው ወይስ በፊት? ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ይቀይረዋል። የሟሟውን እርሳስ ብቻ ከፈለግሽ መጀመሪያ በ0.45 ማይክሮሜትር ፊልተር አጣሪ፣ ከዚያ ናይትሪክ አሲድ ጨምረሽ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርጂ። ጠቅላላውን ከፈለግሽ ሳታጣሪ አሲድ ጨምሪና አብላዪው። አሲድ ከገባ በኋላ ብታጣሪ ግን ከጭቃው የተላቀቀው እርሳስ አብሮ ይቆጠርና የሟሟም ያልሟሟም ያልሆነ ቁጥር ታገኛለሽ። አሲድ ጭራሽ ካልጨመርሽ ደግሞ እርሳሱ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የወንዙ እርሳስ ያልታየበት አንዱ ምክንያት ይህም ሊሆን ይችላል። እንደ እኔ ሁለቱንም ብትሠሪ ደስ ይለኛል። ክረምት ላይ ቦርከና ከተራራው አፈር ተሸክሞ ቀይ ሆኖ ሲወርድ አብዛኛው እርሳስ የሚጓዘው ከአፈሩ ጋር ነው። ያ አፈር ሄዶ የሚያርፈው ጨፋ ሜዳ ላይ ነው፣ ከብት የሚሰማራበት።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይሽ። የወንዝ ናሙና በካሊብሬሽን ከርቭ፣ ማለትም በንጹህ ውሃ ላይ በተሠራ የመለኪያ መስመር፣ አይለካም፣ ሁልጊዜ ስታንዳርድ አዲሽን ተጠቀሚ፣ ማለትም ስታንዳርዱን ራሱ ናሙናው ላይ እየጨመርሽ ለኪ። 10 ሚሊ ሊትር የተብላላ ናሙና ወስደሽ በበፈርና በውሃ 20 ሚሊ ሊትር አደረስሽው እንበል። ፒኩ 0.42 ማይክሮ አምፔር ሆነ። ቅድም ያልኩሽን 100 ማይክሮ ሊትር ስታንዳርድ ስትጨምሪ 0.92 ሆነ። ድጋሚ ስትጨምሪ 1.42። እያንዳንዱ 5 ማይክሮግራም 0.5 ማይክሮ አምፔር አመጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሴሉ ውስጥ ያለው በሊትር 4.2 ማይክሮግራም ነው። ናሙናው በግማሽ ስለቀጠነ ወንዙ ላይ 8.4 ይሆናል። ይህችን ሁለት ማባዛት የረሳ ብዙ ሰው አውቃለሁ። አሁን ብላንኩን ቀንሺ። ብላንኩ 0.08 ማይክሮ አምፔር ከሰጠ፣ እሱ ሴሉ ውስጥ 0.8 ነው። 4.2 ሲቀነስ 0.8፣ 3.4። በሁለት ሲባዛ 6.8። ከ8.4 ወደ 6.8 ወረደ። አየሽ፣ «ትንሽ ፒክ» ያልሻት ከውጤትሽ ላይ አምስተኛውን ያህል በላች። ለዚህ ነው ብላንኩ ራሱ ተብላልቶ፣ በዚያው ጠርሙስ ውስጥ አድሮ፣ ናሙናው ያለፈበትን ሁሉ ማለፍ ያለበት።

ሁሉንም በአንድ መቀመጫ ጨርሺ። ጠዋት ስታንዳርድ ለክተሽ ከሰዓት በኮምቦልቻ ሙቀት ናሙና ብትለኪ ከረንቱ ይቀየራል፣ በዲግሪ አንድ ሁለት ፐርሰንት ያህል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ያንን ልኬት ቀጥዪ አትበዪ፣ ከማጠራቀሙ ጀምሪ።

ስለ ኤሌክትሮዱ አንድ ቃል። ሜርኩሪ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ያገለገለውን አንዲት ጠብታ እንኳ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊ። ውሃ ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ሰብስቢው። ስለ ወንዝ ብክለት የሚጽፍ ሰው ወንዙ ላይ ሜርኩሪ መጨመር የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሜርኩሪው ፋንታ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚቀባ የቢስሙዝ ፊልም (ስስ ልባስ) አለ፣ ለእርሳስና ለካድሚየም በደንብ ይሠራል። መዳብ ላይ ግን ይቸግርሻል፣ የቢስሙዙ ፒክ አጠገቡ ስለሚመጣ።

ክሮሚየምንም በዚሁ እለካለሁ ብለሽ አስበሽ ከሆነ፣ የቆዳ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም። ክሮሚየም ኤሌክትሮዱ ላይ እንደ እርሳስ አይጠራቀምም። ለብቻው ዲቲፒኤ የሚባል ውህድ ተጨምሮ በሌላ አሠራር ነው የሚለካው። ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፣ አሁን አትቀላቅዪው።

ቴሲሱ ላይ ምን ትጽፊያለሽ? ከማብላላቱ በፊት ለአንዳንድ ናሙና የታወቀ መጠን እርሳስ ጨምሪ። መጨረሻ ላይ ስንት እንደተመለሰ በፐርሰንት አስሊ። ከ80 እስከ 120 ከሆነ ዘዴሽ ይታመናል። ብላንኩን አሥር ጊዜ ለክተሽ የልዩነታቸውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሦስት አባዢው፣ ወደ ማይክሮግራምም ቀይሪው። መለየት የምትችዪው ዝቅተኛ መጠን ያ ነው። ከዚያ በኋላም ፒክ ካልመጣ «እርሳስ የለም» አትበዪ። «በሊትር ከዚህ በታች ነው» በዪና ቁጥሩን ጻፊ። በዚያ ውሃ ከብቱን የሚያጠጣውና ጎመኑን የሚያለማው ገበሬ የሚያምነው ያንቺን ወረቀት ነው። እርሳስ ደግሞ ልጅ ላይ ጉዳት የማያደርስበት የታወቀ መጠን የለውም።

ሰኞ ስታንዳርዱን ጨምረሽ የሚሆነውን ጻፊልኝ። ከብላንኩና ከወንዙ የመጡትን ሁለቱን ኩርባዎች አንድ ላይ አድርገሽ ላኪው፣ የማጠራቀሚያውን ሰኮንድና የፒኤቹን ቁጥር ከጎኑ ጻፊበት።